ዲግሪው ከትምህርት ቤት፣ ፈቃዱ ከአሠሪ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከሜትሮ ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ካፌ ውስጥ አንዲት ወጣት ላፕቶፗን ከፍታ የሥራ ማመልከቻ ትሞላለች። ስሟን፣ ስልኳን፣ የምትማርበትን ትምህርት ቤት፣ በሰመር የተለማመደችበትን ኩባንያ ፈጠን ፈጠን አድርጋ አለፈች። አንድ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። «በአሜሪካ ለመሥራት አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግዎታል?» ይላል። ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ አዎ ወይም አይ።

«እዚህ ጋ ‹አዎ› ካልኩ መልሱ በማግስቱ ይመጣል» አለችኝ። «አንዳንዴማ በዚያው ሌሊት። ሰው እንዳላነበበው ያስታውቃል።»

አዲስ አበባ እያለች በአንድ የግል ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች። ጂማት ተፈትና፣ ከፊሉን በስኮላርሺፕ፣ ከፊሉን በብድር ሸፍና ነው ለኤምቢኤ የመጣችው። አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሥራ ፍለጋ ላይ ስላለች የእሷም የትምህርት ቤቷም ስም እዚህ አይነሳም።

«‹አይ› ብለሽ ብታልፊውስ?» አልኳት።

«ውሸት ነዋ! ደግሞ ኋላ ወረቀቴን የሚያስገባልኝ ያው አሠሪ አይደል? ያኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ለዛሬ ስፖንሰር አያስፈልጋትም። እንደተመረቀች ሕጉ ራሱ ለተወሰነ ጊዜ እንድትሠራ ይፈቅድላታል። አሠሪዎቹ የሚሸሹት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ የጠበቃውን ሒሳብ፣ የመንግሥቱን ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ አሠልጥነው ያበቁትን ሰው በሎተሪ ዕጣ ማጣትን። «ስፖንሰር አላደርግም» ማለት ደግሞ በአሜሪካ ሕግ አሠሪን አያስከስስም።

ልጁን ለቢዝነስ ትምህርት ወደ ውጭ የሚልክ ቤተሰብ አብዝቶ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ቤቱ ዝና፣ ስለ ክፍያውና ስለ ስኮላርሺፑ ነው። የሥራ ፈቃዱ ነገር «ሲመረቅ ይታሰብበታል» ተብሎ ይተዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከፈቃዱ ጉዳይ ግማሹ ያለቀው ትምህርት ቤት የተመረጠ ዕለት ነው፤ የቀረው ግማሽ በአሠሪው እጅ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ዲግሪ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እመለሳለሁ ብሎ መሄድ

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ፣ እንጦጦ መንገድ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ኤፍ-1 የተባለውን የተማሪ ቪዛ የሚፈልግ ሰው 185 ዶላር ለማመልከቻ፣ 350 ዶላር ደግሞ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መዝገብ ከፍሎ፣ ትምህርት ቤቱ የላከለትን አይ-20 የተባለ ቅጽ ይዞ መስኮቱ ፊት ይቆማል። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214(ቢ) አመልካቹን ሌላ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ «ተምሬ እመለሳለሁ» ብሎ፣ የሚመለስበትንም ምክንያት ጨምሮ ማሳመን ይጠበቅበታል። ቪዛ ተከልክለው ከሚወጡት መካከል ብዙዎቹ የሚይዙት ወረቀት ይህንኑ አንቀጽ የሚጠቅስ ነው።

ያው ሰው ካምፓስ ሲደርስ ሌላ ወሬ ይጠብቀዋል። የቢዝነስ ትምህርት ቤት ዝና የሚለካው ተመራቂዎቹ በስንት ወር ውስጥ፣ በምን ያህል ደመወዝ ተቀጠሩ በሚለው ነው። የሥራ አፈላላጊው ቢሮ ትምህርት ገና ሳይደራ ሲቪ ያሳምራል፣ ለቃለ መጠይቅ ያለማምዳል፣ ከአማካሪ ድርጅቶችና ከባንኮች ጋር ያስተዋውቃል። እመለሳለሁ ብሎ የመጣው ልጅ በወሩ እንዴት እንደሚቆይ ሲማር ይገኛል።

ይህን አይቶ ተማሪውን ዋሾ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ቆንስላው የሚመዝነው አመልካቹ በዚያ ሰዓት ያለውን ሐሳብ ነው፤ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መሥራትን ደግሞ የዚያው አገር ሕግ ፈቅዶታል። እርስ በርሱ የማይስማማው ሥርዓቱ ነው፤ በአንድ እጁ ሂድ፣ በሌላው ና ይላል። ተማሪው ከሁለቱ መሐል መኖርን መልመድ አለበት።

ካፌው ውስጥ ከአጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጎልማሳ ሒሳብ ሠራተኛ በጨዋታችን ገቡ። ጋሼ የመጡት በሰማንያዎቹ፣ በሱዳን በኩል፣ በስደተኝነት ተመዝግበው ነው። ቀን ታክሲ እየነዱ ማታ አካውንቲንግ ተምረዋል። «አንቺ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ሥራ ያዢ፣ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣል» አሏት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ወረቀትዎን ይዘው ነው የተማሩት» አለች በአክብሮት። «እኛ ተምረን ነው ወረቀት የምንፈልገው።»

ሳቁ፤ ግን አልተከራከሯትም። ዋሽንግተንና አካባቢውን የሞላው የቀደመው የኢትዮጵያውያን ትውልድ አብዛኛው በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ፣ በጥገኝነት፣ በቤተሰብ ወይም በዲቪ የመጣ ነው። መኖሪያው ቀድሞ ተፈቅዶለት ትምህርቱን ኋላ ያገኘ ሰው፣ ትምህርቱ ቀድሞ መኖሪያው ለቀረው ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አይሠራም። ኤፍ-1 የያዘ ተማሪ በትምህርት ወቅት ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከዚያ ውጭ ያለ ፈቃድ ታክሲ ቢነዳ፣ ምግብ ቤት ውስጥ በካሽ ቢያስተናግድ ስታተሱ ይበላሻል። የዘመድ ምግብ ቤት ስለሆነ የሚቀርለት ነገር የለም። ኤፍ-2 ይዛ የመጣች ሚስት ወይም የመጣ ባልማ ጭራሽ መሥራት አይፈቀድላቸውም።

አይ-20 ላይ ያለው ቁጥር

ከምረቃ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ፈቃድ ኦፒቲ ይባላል፤ ርዝመቱ 12 ወር ነው። ማመልከቻው የሚገባው ትምህርቱ ከማለቁ ከ90 ቀን በፊት ጀምሮ ካለቀ እስከ 60 ቀን ድረስ ነው። ከዚያ ያለፈበት አለቀለት። ሥራው ከተማሩት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ፈቃዱ ከጸናበት ዕለት ጀምሮ ደግሞ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ።

ወጣቷ ቦርሳዋን ከፍታ አይ-20ዋን አወጣች። በፕላስቲክ ተሸፍኗል። በመጀመሪያው ገጽ፣ የትምህርቱ ዓይነት ከተጻፈበት ጎን፣ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፦ 52.0201። የአጠቃላይ ቢዝነስ አስተዳደር መለያ ነው። «ይቺን ቁጥር ያወቅኳት ከመጣሁ በኋላ ነው» አለች። «ከእኔ በአንድ ፎቅ ልዩነት የሚማሩት የቢዝነስ አናሊቲክስ ልጆች ሌላ ቁጥር ነው ያላቸው።»

ልዩነቱ የሁለት ዓመት ልዩነት ነው። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስቴም ብሎ የመዘገባቸው የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርቶች ተመራቂ፣ ከ12 ወሩ በኋላ ተጨማሪ 24 ወር ይሰጠዋል፤ ደንቡ በ2016 የወጣ ነው። 52.0201 እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። 52.1301፣ ማለትም ማኔጅመንት ሳይንስ፣ አለ። ሁለቱም አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ መምህር የሚሰጡ ናቸው።

ትምህርት ቤቶቹ ይህን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከ2016 በኋላ ወደ አሜሪካ የሚያመለክቱ የውጭ ተማሪዎች ሲቀንሱባቸው የትምህርት አሰጣጣቸውን እያዩ መለያ ቁጥሩን ይቀይሩ ጀመር። የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2018 የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤውን በሙሉ በስቴም መማር እንዲቻል አደረገ። የካሊፎርኒያው በርክሊ ሃስ ተከተለ፤ ከዚያ ሌሎቹ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ኤምቢኤውን በጠቅላላ፣ አንዳንዱ የተወሰነ ዘርፍ ለሚመርጡ ብቻ ነው ያስመዘገበው። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ ስቴም አለው» የሚለው የጓደኛ ወሬ አይበቃም፤ የእናንተ ዘርፍ ቁጥር ነው የሚታየው።

የ24 ወሩ ጭማሪ የራሱ ማሰሪያ አለው። አሠሪው ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የመንግሥት ማረጋገጫ ሥርዓት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ከተማሪው ጋርም አይ-983 የሚባል የሥልጠና ዕቅድ ፈርሞ ማስገባት ይጠበቅበታል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ለምደውታል። አምስት ሰው ያላት ጀማሪ ድርጅት ወይም የአገር ልጅ የከፈተው የሒሳብ ቢሮ ግን ስሙንም ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

ማርች ሲመጣ

ሁለቱ ዓመታት ዋጋቸው የሚታወቀው በየማርቹ ነው። ከኦፒቲ በኋላ ያለው ዋናው የሥራ ቪዛ ኤች-1ቢ ነው፤ በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመ። በዓመት 65 ሺህ ቦታ አለው፤ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ 20 ሺህ ተጨምሯል። ፈላጊው ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ በሎተሪ ይለያል። አሠሪው ማርች ላይ 215 ዶላር ከፍሎ ስም ያስመዘግባል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በኦክቶበር 1 ሥራ ይጀምራል።

እንግዲህ አስሉት። በሜይ ተመርቃ 12 ወር ብቻ ያላት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርች ነው የሚደርሳት። 36 ወር ያለው የክፍል ጓደኛዋ ሦስት ይደርሰዋል። ለ2024 የበጀት ዓመት ከ750 ሺህ በላይ ብቁ ምዝገባዎች ነበሩ። አንድን ሰው በብዙ ድርጅት ስም ደጋግሞ ማስመዝገብ ጥቅሙ እንዲቀር ከተደረገና ክፍያው ከ10 ዶላር ወደ 215 ካደገ በኋላ ቁጥሩ ወርዶ ለ2026 ወደ 344 ሺህ ሆነ፤ ከእነዚያ ወደ 120 ሺህ የሚሆኑት ተመረጡ። ከሦስት አንዱ መሆኑ ነው። አንዴ የሚሞክርና ሦስቴ የሚሞክር ሰው እንግዲህ አንድ ዓይነት ዲግሪ ቢይዙም አንድ ዓይነት ዕድል የላቸውም።

አሁን ደግሞ ዕጣው ራሱ ተቀይሯል። በዲሴምበር 2025 በወጣውና ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት የሥራው የደመወዝ ደረጃ ይታያል። በአራተኛው፣ በከፍተኛው ደረጃ የሚከፈለው ሰው ስም አራት ጊዜ ዕጣው ውስጥ ይገባል፤ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በመጀመሪያው አንድ ጊዜ። ደረጃው የሚለካው ለዚያ ሥራና ለዚያ አካባቢ በወጣው የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው። ለኤምቢኤ ተመራቂ ይህ ሁለት ስለት አለው። ትልቅ አማካሪ ድርጅት ዳጎስ ባለ ደመወዝ ለሚወስደው በጎ ነው፤ ከባንክ ሥራ መጥቶ በትንሽ ድርጅት ጀማሪ የፋይናንስ ተንታኝ ሆኖ ለሚገባው ግን በሩ ጠበበ። ትልልቆቹ ቀጣሪዎች የሚመለከቷቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት ስለሆኑ፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ በዚህ በኩል ዞሮ ወደ ቪዛው ገባ።

ሌላም ጉድጓድ አለ፤ ብዙ ሰው የማያየው። ኤች-1ቢ የሚሰጠው የተወሰነ ሙያ ለሚጠይቅ ሥራ ነው። የቦስተኑ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 ሮያል ሳያም በተባለው ጉዳይ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ማንኛውንም አጠቃላይ የቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ የሚቀበል ሥራ ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ነው ሊባል እንደማይችል የኢሚግሬሽኑን አቋም ደግፏል። ስለዚህ «ኤምቢኤ ያለው» ተብሎ ብቻ የወጣ የሥራ መደብ መዘዝ አለው። ፋይናንስ፣ ሰፕላይ ቼይን፣ ማርኬቲንግ አናሊቲክስ ብሎ ዘርፉ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ፣ የሥራ መግለጫውም ያንኑ ዘርፍ እንዲጠይቅ ከጠበቃው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ከ20 ሺው ቦታ ለመቋደስ ደግሞ ማስተርሱ የተገኘው እውቅና ካለው የመንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ ተቋም መሆን አለበት። ለትርፍ ከተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ማስተርስ፣ ክፍያው ቢረክስም፣ እዚያ አይቆጠርም።

ርካሽና ፈጣን ነገር ሲገኝ መጠርጠር ደግ ነው። ከገቡበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይቻላል የሚሉ፣ ትምህርቱ ለስም ያህል የሆነ ትምህርት ቤቶች አሉ። በ2019 መባቻ ዴትሮይት አጠገብ የነበረው «ፋርሚንግተን ዩኒቨርሲቲ» የኢሚግሬሽን ፖሊስ ራሱ ለወጥመድ የከፈተው ሆኖ ተገኘ። መምህር አልነበረውም፤ ክፍልም አልነበረውም። ገንዘባቸውን ከፍለው የተመዘገቡት ብዙዎቹ ታስረው ከአገር ወጡ።

ከሎተሪው ውጭ ያሉ መንገዶችም አሉ፤ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሲጠቀሙባቸው ብዙም አላይም። ዩኒቨርሲቲዎችና ከእነሱ ጋር የተያያዙ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት፣ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ በማንኛውም ወር ያለ ዕጣ ኤች-1ቢ ማስገባት ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፋይናንስ ክፍል እንደ ዎል ስትሪት አያጓጓም፤ ማርች ሲመጣ ግን እንቅልፍ አይነሳም። የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ደግሞ ሠራተኞቻቸውን በጂ-4 ቪዛ ነው የሚያሠሩት፤ ከሎተሪው ጋር አይገናኝም። ሁለቱም ከዚህ ካፌ በሜትሮ የሚደረስባቸው ናቸው።

ለቅሶ ሳይደረስ

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለአዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ 100 ሺህ ዶላር እንዲከፈል የሚያዝ አዋጅ ፈረሙ። ያን ሰሞን በየቴሌግራሙና በየካምፓሱ የነበረው ድንጋጤ ልክ አልነበረውም። ከወር በኋላ ኢሚግሬሽን ባወጣው ማብራሪያ ክፍያው አገር ውስጥ ሆነው ከተማሪነት ወደ ኤች-1ቢ የሚቀይሩትን እንደማይመለከት ገለጸ። በሌላ አነጋገር፣ አሜሪካ ውስጥ ተምሮ እዚያው ያለ ሰው ተርፏል፤ ውጭ ሆኖ የሚቀጠር ግን አሠሪው መቶ ሺውን ካልከፈለ አይገባም።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህ ከሌላ ነገር ጋር ሲደመር ይከብዳል። በጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የተማሪም ሆነ የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን አድርጋለች። ቪዛው የመግቢያ ፈቃድ ስለሆነ ከገቡ በኋላ ቢያልፍበትም ተማሪው በአይ-20ው መሠረት መማር ይችላል። ከወጣ ግን ለመመለስ እንደገና እንጦጦ መንገድ ተሰልፎ እንደገና «እመለሳለሁ» ማለት አለበት፤ ኦፒቲ ላይ ሥራ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ይህን ማስረዳት ይበልጥ ይከብደዋል።

የወጣቷ አያት ያረፉት በትምህርቷ የመጀመሪያ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። አልሄደችም። መርዶውን የነገሯት አክስቷ በነጋታው የሚያውቋቸውን ሰብስበው መጡ፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነጠላ አዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ ንፍሮም ተቀቀለ። «አብሮኝ የሚኖረው የቻይና ልጅ ምን እንደሆነ ግራ ገባው» አለች። «ፓርቲ መስሎት ‹እንኳን ደስ አለሽ› ሊለኝ ነበር።» ሳቀች። ቀጥላ ስልኳን አነሳችና ኢሜይሏን አየች።

በአንድ ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ከብዙዎች ይሻላል። ኤች-1ቢ ያገኘ ሰው አሠሪው ግሪን ካርድ ሊያስጀምርለት ይችላል፤ በሥራ ከሚሰጠው ግሪን ካርድ ግን አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ተወስኗል። የሚቆጠረውም የትውልድ አገር ነው። ህንድ የተወለደ የክፍል ጓደኛዋ በዚህ ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ሊሰለፍ ይችላል። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ የለም። ለህንዳዊው የሚጠበው ግሪን ካርዱ ነው፤ ለእኛ የሚጠበው ኤች-1ቢው ነው። ስለዚህ ከህንዳውያን ጓደኞች የሚሰማው ምክር በሙሉ ለእኛ አይሆንም፤ ስፖንሰር የሚያደርግ አሠሪ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ግሪን ካርዱን ቶሎ እንዲያስጀምርለት መጠየቅ አለበት።

«ዲቪ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። በዓመት እስከ 55 ሺህ ሰው የሚያስገባው ዲቪ ብዙ ኢትዮጵያዊን ቤት አቁሟል። ነገር ግን በዲሴምበር 2025 እንዲቆም ታዟል፤ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች በኤምባሲ የሚሰጠውን የቋሚ መኖሪያ ቪዛ አግዷል። የተማሪ ቪዛ እዚያ ውስጥ የለም። ዲቪን ተስፋ አድርጎ ኤምቢኤ መግባት ግን ከእንግዲህ ዕቅድ ሊባል አይችልም።

ፉልብራይትን በመሰለ የመንግሥት ስኮላርሺፕ በጄ-1 ቪዛ የሚመጡትም አንድ ነገር ይወቁ። በመንግሥት ገንዘብ የተማረ የጄ-1 ባለቤት ኤች-1ቢም ሆነ ግሪን ካርድ ከማግኘቱ በፊት አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት መቀመጥ አለበት። ከግዴታው ነፃ መሆን ቢቻልም ቀላል አይደለም።

ሁለት ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አበው ቪዛ ጠይቀው አያውቁም፤ ምክሩ ግን ለዚህ የተባለ ይመስላል። ካናዳ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከሁለት ዓመት ያነሰ የማስተርስ ትምህርት ለጨረሰ ሰውም የሦስት ዓመት ክፍት የሥራ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ከማንኛውም አሠሪ ጋር መሥራት ይቻላል፣ ሎተሪም የለም። ቢያንስ 16 ወር የሚፈጅ ማስተርስ የሚማር ሰው የትዳር ጓደኛም መሥራት ይችላል። በአንጻሩ በ2024 የተማሪ ቁጥር ላይ ገደብ ጥላለች፤ ለቋሚ መኖሪያ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሲያመለክቱ የሥራ ቅጥር ያስገኝ የነበረው ነጥብም በማርች 2025 ተነስቷል። ነጥቡ ከዕድሜ፣ ከቋንቋ ፈተናና ከካናዳ የሥራ ልምድ ነው የሚለቀመው። ሠላሳዎቹን እያጋመሰ ያለ የባንክ ሠራተኛ የዕድሜ ነጥቡ በየዓመቱ እንደሚሸራረፍ ያስብበት።

ብሪታንያ ለማስተርስ ተመራቂ የምትሰጠውን ሁለት ዓመት ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ወደ 18 ወር አውርዳለች። በክፍል የሚሰጥ ማስተርስ የሚማሩ ሰዎች ከ2024 ጀምሮ ቤተሰብ ይዘው መሄድ አይችሉም። ጀርመን 18 ወር ሥራ መፈለጊያ ትሰጣለች፤ በዚያ ጊዜ ማንኛውንም ሥራ ሠርቶ መኖር ይቻላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሥራው በጀርመንኛ ነው፤ ቋንቋውን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያልጀመረ ሰው 18 ወሩ እንዴት እንዳለቀ አያውቀውም።

ሁለተኛው ባላ አገር ቤት ቢሆንስ? ይህን መጠየቅ ሽንፈት አይደለም። በዲሴምበር 2024 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ጸድቋል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል። የብድር ስጋት ተንትኖ፣ ኩባንያ ገምቶ የሚያውቅ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ ነው። እንቅፋቱ ብድሩ ነው። ጁላይ 2024 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። 100 ሺህ ዶላር የተበደረ ሰው በብር ያለበት ዕዳ ምንም ሳይጨምር ከእጥፍ በላይ አደገበት። በብር ደመወዝ ይህን የሚከፍል ማን ነው? በዶላር የተበደረ ተማሪ የመመለስ ነፃነቱን የሸጠው ገና ብድሩን ሲፈርም ነው። ለእኔ፣ ግማሽ ክፍያ የሸፈነ መካከለኛ ትምህርት ቤት፣ ስቴም መለያ ካለው፣ በሙሉ ብድር ከሚገቡበት ዝነኛ ትምህርት ቤት ይበልጣል፤ ቢቀሩም ቢመለሱም ያስችላል።

የመቀበያ ደብዳቤ ይዛችሁ ዲፖዚት ለመላክ ለተዘጋጃችሁ የምለው ይህን ነው። ለትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ዛሬውኑ ጻፉ። የእኔ ዘርፍ መለያ ቁጥር ስንት ነው፣ አይ-20ዬ ላይስ ያው ይሰፍራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካለፈው ዓመት የውጭ ተማሪዎች መካከል ስንቶቹ አሜሪካ ውስጥ እንደተቀጠሩ፣ የትኞቹ ኩባንያዎች ስፖንሰር እንዳደረጉ ይንገሯችሁ፤ የአሜሪካውያኑን ቁጥር ቀላቅለው እንዳይሰጧችሁ። ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቀ አንድ አፍሪካዊ አግኝታችሁ አነጋግሩ። መልሱን በጽሑፍ ያልሰጠ ትምህርት ቤት ላይ ገንዘባችሁን አትላኩ።